እጅ ይቆጠራል፣ ስም አይነገርም፦ የጎጃም መራጭ የተወካዩን የምክር ቤት መዝገብ እንዴት ያንብብ?

«ረቂቅ አዋጁ በዚህን ያህል ተቃውሞ፣ በዚህን ያህል ድምፀ ተዓቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።» አፈ ጉባኤው ይህን ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋሉ። ማታ በዜና የሚነበበውም ይኸው ነው። ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከደንበጫ ወይም ከዳንግላ የተመረጠው እንደራሴ ከየትኛው ወገን እንደቆመ ግን ዜናው አይናገርም። ስለዚህ አንድ ሰው ተነስቶ «የእኛ ተወካይ ተቃውሟል» ሲል ሌላው «ኧረ ደግፏል» ይለዋል፤ ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም።

ለሰኔ 2018 በታቀደው ሰባተኛው አገራዊ ምርጫ ሥራው የሚመዘነው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መስከረም 24 ቀን 2014 ሥራ የጀመረው ነው። በእነዚህ ዓመታት በጎጃም ቤት ድረስ የገቡ ውሳኔዎች በዚያ አዳራሽ አልፈዋል። ተወካዩ በእነዚያ ውሳኔዎች ላይ ምን እንዳደረገ ማወቅ አስቸጋሪ ቢሆንም የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ፍንጩ ያለው ግን ብዙ ሰው በሚፈልግበት ቦታ አይደለም።

ከሕጉ እንጀምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ የሚገዙትም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው መሆኑን ይደነግጋል። እዚያው ላይ አባሉ በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅና አስተያየት እንደማይከሰስ፣ አስተዳደራዊ እርምጃም እንደማይወሰድበት ተጽፏል። አንቀጽ 58 ደግሞ የምክር ቤቱ ስብሰባ በመርሕ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል። በወረቀት ደረጃ እንግዲህ እጁን ያወጣ ሰው እጁን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። በተግባር ግን የገዢው ፓርቲ አባላት አቋም አዳራሹ ከመግባታቸው በፊት በፓርቲ ቡድናቸው ውስጥ ያልቃል፤ የመንግሥት ተጠሪው አንዱ ሥራም ድምፁ እንዳይበተን መጠበቅ ነው። በዚህ ምክንያት የድጋፍ ድምፅ ስለ ግለሰቡ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። ከመስመር የወጣ እጅ ግን ብዙ ይናገራል።

አቆጣጠሩ ራሱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ለማየት የካቲት 23 ቀን 2010ን ማስታወስ ይበቃል። የካቲት 9 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀርቦ፣ መጀመሪያ የተነገረው ውጤት 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተዓቅቦ ነበር። በኋላ የድጋፉ ቁጥር 395 ነው ተብሎ ታረመ። የ49 እጅ ልዩነት ማለት ነው። በተራ አዋጅ ላይ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም፤ በሁለቱም ቁጥር ያልፋልና። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን በአንቀጽ 93 መሠረት የምክር ቤቱን አባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። መቀመጫው 547 ነው፤ ሁለት ሦስተኛው 365 ይሆናል። በሞትና በመልቀቅ የጎደሉት ጥቂት አባላት ቢቀነሱ እንኳ 346 አይደርስበትም፤ 395 ግን በምቾት ያልፋል። በዚያ ዕለት የአዋጁ ዕጣ የተንጠለጠለው በእነዚያ 49 እጆች ላይ ነበር። የእያንዳንዱ ሰው ስም ከድምፁ ጋር ይፋ የሚሆንበት አሠራር ቢኖር ክርክሩ በአንድ ቀን በተቋጨ፤ ስላልነበረ ግን እስከ ዛሬ የሚያነሱት አሉ።

ከዚህ አንድ የንባብ ሥርዓት ይወጣል። ውሳኔ ሲሰሙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ድምፅ ያስፈልገው ነበር?» የሚለው ነው። ተራ አዋጅ የሚያልፈው ተገኝተው ድምፅ ከሰጡት በአብላጫው ነው። ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ስለሆነ፣ በ547 ቢሰላ 274 ሰው ተገኝቶ ሁሉም ድምፅ ቢሰጥ 138 እጅ ሕግ ያወጣል። (138 የአማራ ክልል በምክር ቤቱ ያለው መቀመጫ ቁጥርም ነው፤ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም ለማስታወስ ይረዳል።) ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ተቃውሞና ተዓቅቦው ብቻ ተነግሮ የድጋፉ ቁጥር ከቀረ፣ ሁለት ሦስተኛው መሙላቱን አድማጭ በራሱ ማረጋገጥ አይችልም።

አሁን ወደ ሥራ ላይ ያለው ምክር ቤት እንምጣና ሁለት ድምፆችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

መጋቢት 13 ቀን 2015 ምክር ቤቱ ሕወሓትን ከአሸባሪነት ዝርዝር ሰረዘ። ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ሚያዝያ 28 ቀን 2013 የቀድሞው ምክር ቤት ነበር። ስረዛው በ61 ተቃውሞና በ5 ድምፀ ተዓቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ነሐሴ 8 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል ለተከሰተው የጸጥታ ችግር ሐምሌ 28 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ16 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ።

የምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ቀን 2013 ይፋ ባደረገው ውጤት ከብልጽግና ውጭ የገቡት የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 እና የግል ተወዳዳሪዎች 4፣ በጠቅላላው 15 ነበሩ። ይህን ቁጥር ይዘን ወደ መጋቢቱ ድምፅ ስንመለስ፣ 15ቱ ሁሉ ተገኝተው ሁሉም ተቃውመዋል ብንል እንኳ 61 አይሞላም። የቀሩት ተቃዋሚ እጆች በአመዛኙ ከገዢው ፓርቲ መቀመጫ የወጡ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የፓርቲው መስመር የተሰነጠቀበት ቀን ነበር፤ የግለሰብ አቋም የሚታየውም እንዲህ ባለው ቀን ነው። የነሐሴው 16 ግን ከ15 ጋር ስለሚቀራረብ ከቁጥሩ ብቻ ምንም ማውጣት አይቻልም። ሁሉም ተቃዋሚዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግማሹ የገዢው ፓርቲ አባላት ሊሆኑም ይችላሉ። «16 የአማራ ተወካዮች ተቃወሙ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩ ያልያዘውን እየጨመረበት ነው።

የቁጥሩን ጣሪያ ማስላት ግን ይቻላል። በመጋቢት ተቃውመው ወይም ታቅበው የነበሩት 66ቱም ከአማራ ክልል ናቸው ብለን ብንነሳ፣ ከ138ቱ 72 መቀመጫ ይቀራል። በነሐሴ 28ቱም ከክልሉ ናቸው ብንል 110 ይቀራል። የቀረው ሁሉ ደግፏል ማለት አይደለም፤ ያልመጣ፣ የሞተ፣ የለቀቀ፣ የታሰረ ይኖርበታል፤ ምርጫ ሳይካሄድበት የቀረ መቀመጫም አለ። ቢሆንም አንድ ነገር እርግጥ ነው፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲጸድቅ፣ አዋጁ በዋናነት የታወጀበት ክልል አብዛኛው መቀመጫ ከተቃወሙትም ከታቀቡትም መካከል አልነበረም። ይህን ለማለት የማንንም ስም ማወቅ አያስፈልግም።

ባዶ ወንበር በጣም የሚታለፍ ነገር ነው። ድምፀ ተዓቅቦ የተመዘገበ አቋም ነው፤ ሰውየው አዳራሹ ውስጥ ሆኖ፣ «የምትታቀቡ» ሲባል እጁን አውጥቷል። አለመገኘት ግን በተነገረው ውጤት ውስጥ ቦታ የለውም። ፓርቲውንም መራጩንም ማስቀየም የማይፈልግ ተወካይ ቀላሉ መውጫ በዚያ ቀን ሌላ ሥራ መያዝ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በፍላጎቱ ያልቀረም አለ። የአብን ተወካይና የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ የነሐሴው ድምፅ ሲሰጥ በእስር ላይ ነበሩ። ስለዚህ ባዶ ወንበር ሲያዩ ምክንያቱን ሳያጣሩ «ሸሽቷል» ማለትም «ታቅቧል» ማለትም ስሕተት ነው።

ስም በግልጽ የሚሰማው በድምፅ አሰጣጥ ሰዓት ሳይሆን በጥያቄ ሰዓት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም አንድ ሚኒስትር ቀርቦ አፈ ጉባኤው ተራ ሲሰጡ የጠያቂው ስም ይጠራል፤ ካሜራውም ፊቱ ላይ ይቆማል። የተወካይ አቋም የሚገኘው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ጥያቄውን ግን መመዘን ይገባል። ሦስት ደቂቃ ምስጋናና አድናቆት፣ ከዚያ «በዚህ ዙሪያ ማብራሪያ ቢሰጥበት» የሚል ጭራ ያለው ንግግር ለመታየት የተደረገ ነው። ሚኒስትሩ በቁጥር ወይም በቀን ካልሆነ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ግን ሥራ ነው።

ጎጃምን በሚያንገበግበው በማዳበሪያ እንየው። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ እጥረቱ ገበሬውን አደባባይ እስከማውጣት ደርሶ ነበር። ማዳበሪያን ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው የፌዴራሉ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው፤ ከመጋዘን ወደ ገበሬው የሚያወርዱት ደግሞ ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማኅበራት ናቸው። በቆሎ የሚዘራው ዝናቡ እንደያዘ ከግንቦት ጀምሮ ነው፤ ዳፑ ያኔ ከዘሩ ጋር ይገባል፣ ዩሪያው ቡቃያው ከፍ ሲል ይከተላል፤ የጤፉ ተራ ሐምሌ ላይ ይደርሳል። እንግዲህ በሰኔ አጋማሽ ተነስቶ «አርሶ አደሩ ማዳበሪያ አጥቷል» የሚል ተወካይ እውነቱን ተናግሯል፤ ግን መርከቡ አልፎታል። ግዥው ታዝዞ ጭነቱ መንገድ ላይ በሚሆንበት በኅዳር ወይም በጥር ተነስቶ «ለአማራ ክልል ስንት ኩንታል ታዘዘ? ስንቱ ጅቡቲ ደረሰ? ስንቱ በየትኛው ወር ይራገፋል?» ያለ ሰው ካለ፣ እሱ የመራጩን የእርሻ ቀን መቁጠሪያ ያውቃል። ስለዚህ ተወካዩ ስለ ማዳበሪያ መናገሩን ብቻ ሳይሆን የተናገረበትን ወር ይመዝግቡ።

ወሩ ያለ ምክንያት አልተጠቀሰም። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ የሚዘጋው ሰኔ 30። የጎጃም ክረምት ሙሉ በሙሉ በዕረፍቱ ላይ ይወድቃል። ሐምሌ ላይ የተፈጠረ ችግር፣ አስቸኳይ ስብሰባ ካልተጠራ በቀር፣ እስከ መስከረም መጨረሻ አዳራሽ አይገባም። የ2015ቱ አዋጅ ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ እያለ ስለታወጀ ለማጽደቂያ የተሰጠው ጊዜ 15 ቀን ነበር፤ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ቢሆን 48 ሰዓት ነው። በዚያው ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ብዙው የጎጃም መራጭ የተወካዩን ንግግር በወቅቱ አላየውም። ያመለጠውን ዛሬ መልሶ መፈለግ ተገቢ ነው።

ሌላው ጥፋት ተወካዩን በማይመለከተው መክሰስ ነው። በምርጫ ቀን ሁለት ወረቀት የሚሰጠው ያለ ነገር አይደለም። አንዱ ለፌዴራሉ፣ ሌላው 294 መቀመጫ ላለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ የወረዳ መንገድ፣ የመምህራን ደመወዝ መዘግየት በመጀመሪያ የክልሉ ጉዳይ ነው። ከደጀን በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው አውራ ጎዳና፣ የደብረ ማርቆስ፣ የባሕር ዳርና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች፣ መብራትና ቴሌ፣ የመከላከያ ስምሪት የፌዴራል ናቸው። የመተከል ነገር ሲነሳ ደግሞ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ድሮ ጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረ ስለሆነ «ተወካያችን ለምን ድምፅ አልሰጠበትም?» ይባላል። የክልሎች የወሰን ጥያቄ በአንቀጽ 48 መሠረት ክልሎቹ ካልተስማሙ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ በዚያ ወንበር የሚቀመጠውን ደግሞ የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በመተከል ስለሚሞተው ሰው ደኅንነት መጠየቅ ይችላል፤ በወሰኑ ላይ ግን የሚያወጣው እጅ የለውም። እሱ በምርጫ ቅስቀሳ «መተከልን አስመልሳለሁ» ካለ፣ የሌለውን ሥልጣን እየሸጠ ነው።

በጀትን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ ይበቃል። የ2018ቱ በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። አንድ ተወካይ ይህን «ደግፏል» ማለት እንደ አቋም አይቆጠርም፤ የገዢው ፓርቲ አባል በበጀት ላይ ከፓርቲው አይለይምና። ይልቅ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርት ሲቀርብ፣ ጉድለት የተገኘበት መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ፊት ሲቀመጥ ማን ምን ጠየቀ? «ያልተወራረደው ሒሳብ ስንት ነው? ያለፈው ዓመት ማስተካከያ ለምን አልተፈጸመም?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዜና ላይ አይወጣም፣ ፌስቡክ ላይም አይጨበጨብለትም፤ ያም ሆኖ ከአሥር የአደባባይ ንግግር ይበልጣል። ረቂቅ አዋጅም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ንባብ ቀርቦ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ባለድርሻዎችን ሰምቶ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። አንቀጽ የሚለወጠው በመሀሉ ነው። መጨረሻ ላይ ተቃውሞ የሚያሰማ፣ ግን ኮሚቴው ሲወያይበት በከረመው ረቂቅ ላይ አንዲት የማሻሻያ ሐሳብ ያላቀረበ ተወካይ ተቃውሞው ለካሜራ ሊሆን ይችላል። የአዳራሹ ቃለ ጉባኤ ብቻ ሳይሆን የኮሚቴው ሪፖርትም መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

«በሙሉ ድምፅ» የሚለውን በተመለከተ፦ እዚህ ላይ የስም ችግር የለም። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ሰኔ 6 ቀን 2005 በሙሉ ድምፅ ሲጸድቅ፣ በዕለቱ የተገኘ ሁሉ ደግፏል። ዓባይን ለሚያህል ጉዳይ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ስለ ግለሰቡም የሚለየው ነገር የለም። ዕጩ ተወዳዳሪ በዚህ ዓይነት ድምፅ ከተመካ ሌላ ይጠየቅ።

መዝገቡን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። ከአምስት ዓመቱ ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት ውሳኔ ይምረጡ፤ ሁሉንም እሰበስባለሁ ያለ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል። ምርጫው የፓርቲው መስመር የተሰነጠቀበት፣ ልዩ አብላጫ የተጠየቀበት ወይም ጎጃምን በቀጥታ የነካ ይሁን። ለእያንዳንዱ ቀኑን፣ የሚያስፈልገውን የድምፅ መጠን፣ የተነገረውን ውጤት ይጻፉ። ከዚያ በተወካዩ ስም አጠገብ ምን እንደጠየቀ፣ መራጩ ዘንድ መጥቶ ምን እንዳለ፣ በራሱ ገጽ ምን እንደጻፈ ለየብቻ ያስቀምጡ። አዳራሽ ውስጥ ዝም ብሎ ፌስቡክ ላይ የሚፎክር፣ ወይም በዕረፍት ወር ወርዶ ለመራጩ «እኔማ ተቃውሜ ነበር» የሚል ሰው በዚህ ወረቀት ላይ ወዲያው ይለያል። የድምፁን ዓምድ ማረጋገጫ እስኪገኝ ባዶ ይተዉት።

ቪዲዮ ይረዳል፤ ግን ይጠንቀቁ። እጅ ሲወጣ ካሜራው አዳራሹን በአንድ ጊዜ ጠረግ ያደርገዋል፤ ከኋላ የተቀመጠን ሰው በልብሱ ለይቶ «ይኸው ደገፈ» ማለት አደገኛ ነው። ይባስ ብሎ ለተቃውሞ የወጣው እጅ ለድጋፍ ከተጠየቀው ድምፅ ጋር ተቆርጦ የሚለጠፍበት ጊዜ አለ። ከመድረኩ «የምትደግፉ»፣ «የምትቃወሙ» የሚለው ጥሪ ያልተሰማበትን ቅንጭብ አይመዝግቡ። ሙሉውን ስብሰባ ያግኙ፤ ካልተገኘ ይቅር።

የተሻለው መንገድ በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ መጀመሪያ ተወካዩን ራሱን። ጥያቄው ቀንና አጀንዳ ይኑረው፦ «መጋቢት 13 ቀን 2015 በሕወሓት ስረዛ ላይ ተገኝተዋል? ከተገኙ እጅዎን ያወጡት በየትኛው ጊዜ ነው?» መልስ ከሰጠ ከነቀኑ ይመዝገብ፤ ካልሰጠም ያልመለሰበት ቀን ይመዝገብ። ቀጥሎ ምክር ቤቱን ራሱን። የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት በእጃቸው ያለውን ሰነድ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ለጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይገባል፤ የከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቃል። ማመልከቻው «የአቶ እገሌን ድምፅ ስጡኝ» የሚል ከሆነ «እንዲህ ያለ ሰነድ የለንም» ተብሎ ይመለሳል። የዕለቱን ቃለ ጉባኤ፣ የተገኙና ያልተገኙ አባላትን ዝርዝር፣ የቋሚ ኮሚቴውን ሪፖርት በስማቸው ይጠይቁ። በተለይ የመገኘት ዝርዝሩ፦ ተወካዩ እንዳልተገኘ ከታወቀ የድምፁ ክርክር እዚያው ያበቃል፤ ከተገኘና በዕለቱ ተቃውሞም ተዓቅቦም ካልነበረ ደግሞ ደግፏል። ከተከለከሉ አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል።

ሁለት ዙር ይግባኝ ጊዜ ይበላል፤ ምርጫው ደግሞ በሰኔ ነው። ማመልከቻው ምክር ቤቱ ሥራ ላይ እያለ፣ ቢዘገይ ከየካቲት ሳያልፍ ይግባ፤ በሚያዝያ የገባ ወረቀት መልሱ ቢመጣ እንኳ ዕጩው ቅስቀሳውን ጨርሶ ይሆናል።